ሦስት ከተሞች፣ ሦስት ሰማዮች

ለሕዝብ የተከፈተ የኮከብ እይታ ምሽት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሩቅ ይሄዳል። በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሚገኘው የብራይስ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ከእ.ኤ.አ. 1969 ጀምሮ ጎብኚዎቹን ከዋክብት ሲያሳይ ኖሯል። የአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1999 የሌሊት ሰማይን የሚከታተል ቡድን አቋቋመ። በዚያው በዩታ ያለው ናቹራል ብሪጅስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ ተመዘገበ። በአህጉራችንም ናሚብራንድ የተባለው የናሚቢያ ጥብቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2012 ተመሳሳይ እውቅና አግኝቷል። ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ለእኛ የሚበጀው ግልጽ ይመስላል፤ የሰሜን ተራሮች፣ ባሌና አዋሽ አሉን፣ ቴሌስኮፕ ጭኖ ወደዚያ መውጣት ነው። በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ግን ለተለየ ሐሳብ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሕዝብ የሚሆን የኮከብ ምሽት መጀመር ያለበት በአዲስ አበባ ጠርዝ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ነው። ይህን የምለው ሌላ ቦታ ስለጠፋ አይደለም። ሰዉም፣ ሰዓቱም፣ የመሬቱ አቀማመጥም የሚገጥሙት እዚያ ስለሆነ ነው፤ ሰማዩን የማጣት አደጋ በየዓመቱ የሚጨምረውም እዚያው ነው።

ከርቀት እንጀምር። የሰሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ከአዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የባሌ ተራሮች 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ቅርብ የሚባለው አዋሽ እንኳ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የሳነቴ አምባ ከሱሉልታ ሰማይ እጅግ የጠራ ሰማይ እንዳለው አልክድም። ሆኖም እዚያ የሚደርሰው መኪና፣ የማደሪያ ገንዘብና ትርፍ ቀን ያለው ሰው ነው። ከፋብሪካ ወጥታ ወደ ቤቷ የምታመራ የሰበታ ወጣት ወይም አባቱ ቡራዩ ላይ ሱቅ የሚጠብቅ ተማሪ እዚያ አይደርስም። አሁን በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ከቤት ኪራይ ንረት የሸሸው፣ ከገጠር የመጣውና ጥንትም እዚያው የነበረው ሰው አብረው የሚኖሩባቸው ናቸው። ዝግጅቱ ለሕዝብ ከሆነ ሕዝቡ ባለበት መሆን አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ሰዓት ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠውም ይኸው ነው። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ በበጋቸው አጋማሽ ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ጨርሶ አይጨልምም። በዩታ ፓርኮችም በሰኔ ሙሉ ጨለማ የሚመጣው ሕፃናት ተኝተው በሚሆኑበት ሰዓት ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምንርቅ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ አድማስ የምትወርደው በቀጥታ ለማለት ይቻላል፤ ውጋገኑም ቶሎ ይጠፋል። በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቅና 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ይጨልማል። ቀኑ በሚረዝምበት በሰኔ እንኳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጨለማው ሙሉ ነው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ከዋክብት አይቶ፣ ታክሲ ሳይጠፋ፣ ልጆቹም ሳያንቀላፉ ቤቱ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለ ምሽት ድንኳንም፣ የሆቴል አልጋም፣ የሌሊት ጉዞም አይጠይቅም፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ይበቃዋል። ብዙ አገሮች የኮከብ ምሽትን ከካምፕ ጋር ያቆራኙት ወደው ብቻ ሳይሆን ጨለማው ስለሚዘገይባቸውም ነው። ያ ችግር የሌለብን እኛ ሥርዓቱን እንዳለ መቅዳታችን ያሳዝናል።

ሦስተኛው ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። የትልቅ ከተማ ብርሃን ሰማዩን በሙሉ እኩል አያበላሸውም፤ ከሁሉ የሚጎዳው ከተማው ባለበት አቅጣጫ፣ ወደ አድማስ የቀረበው የሰማይ ክፍል ነው። ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን በተለያየ ጎን ከበው ስለተቀመጡ እያንዳንዳቸው ጀርባቸውን ለከተማው ሰጥተው የሚያዩት የየራሳቸው ሰማይ አላቸው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በስተሰሜን ናት፤ የእንጦጦ ሸንተረር የአዲስ አበባን መብራት በቀጥታ እንዳይታይ ይጋርዳል፤ የጠራው ሰማይዋ ሰሜኑ ነው። ቡራዩ በአምቦ መንገድ በስተምዕራብ ናት፤ ከገፈርሳ ግድብ ወዲያ ያለው የምዕራብ ሰማይ የእሷ ነው። ሰበታ ደግሞ በጅማ መንገድ በደቡብ ምዕራብ ተቀምጣ ፊቷን ወደ በቾ ሜዳ አዙራለች፤ ደቡቡ ክፍት ነው።

ይህ ክፍፍል በተግባር ምን እንደሚያስገኝ አንድ በአንድ ማየት ይገባል። በሱሉልታ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ይህ ቁጥር ከምድር ወገብ ያለን ርቀት ራሱ ነው። አንድ ተማሪ ክንዱን ዘርግቶ በጭብጡ ስፋት ቢለካው፣ ጭብጥ አሥር ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በመጽሐፍ ያነበበውን የኬክሮስ ቁጥር በእጁ ያገኘዋል። በኅዳር ምሽት 3 ሰዓት ገደማ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ በዚያው በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይደርሳል፤ ጨረቃ በሌለችበት ጥሩ ጨለማ በዓይን እንደ ደብዛዛ ጭጋግ፣ በባይኖኩላር ደግሞ እንደ ረዘመ ሞላላ ብርሃን ይታያል። ያ ብርሃን ጉዞ የጀመረው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ እነዚያ መሣሪያዎች በተጠረቡበት ዘመን አካባቢ የተነሣ ብርሃን ዛሬ ሱሉልታ ላይ ጋቢ ለብሶ በቆመ ሰው ዓይን ውስጥ ያርፋል ማለት ነው። ወደ ምሥራቅ ዞር ሲሉ ሰባቱ ከዋክብት አሉ። ርቀታቸው 440 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ዛሬ የምናየው ብርሃናቸው የተነሣው አፄ ሠርፀ ድንጋል በነገሡበት ዘመን ነው።

ሰበታ የምታሳየው ሰሜን አውሮፓውያን ከአገራቸው ሳይወጡ የማያዩትን ነው። ከሲሪየስ ቀጥሎ ከሌሊት ሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ካኖፐስ በጥርና በየካቲት ምሽት በደቡብ 28 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በግንቦት ደመናው ከፈቀደ የደቡብ መስቀልና ለፀሐይ በጣም ቅርብ የሆነው የአልፋ ሴንታውሪ ሥርዓት ይከተላሉ፤ የእሱ ርቀት 4 የብርሃን ዓመት ከጥቂት ነው። ከሰበታ ሰማይ ጨርሶ የማይወጡት ለደቡብ ዋልታ እጅግ የቀረቡት ከዋክብት ብቻ ናቸው። የቡራዩ ምዕራብ ደግሞ ከፀሐይ ተከትለው ለሚጠልቁት ነው፤ ለምሽት ኮከብነት ጊዜዋ ለደረሰ ቬነስና ለአዲስ ጨረቃ። ሙስሊሞች የረመዳንን ጨረቃ የሚጠብቁት ወደዚያው አቅጣጫ ነውና ምዕራብን ማየት ለቡራዩ ሰው አዲስ ትምህርት አይሆንበትም። በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት መኖሩም መዘንጋት የለበትም። ዓይነ ስውርዋ የፖርቶ ሪኮ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዋንዳ ዲያዝ መርሴድ የከዋክብትን መረጃ ወደ ድምፅ እየለወጠች በመስማት አጥንታለች፤ ዝግጅቱ ከመጀመሪያው ለዚህ ቦታ ካልሰጠ የከተማዋን ልጆች ከፊሉን ደጅ ያስቀራል።

የመጀመሪያው ብርቱ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። የከተማ ጠርዝ ሰማይ ተበላሽቷል፤ በተበላሸ ሰማይ ሥር ሕዝብ መሰብሰብ ተስፋ ማስቆረጥ ነው የሚል ነው። ተቃውሞው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዓለም የሰው ሠራሽ ሰማይ ብርሃን አትላስ ከምድር ሕዝብ ከ80 በመቶ በላይ የሚኖረው በብርሃን በተበከለ ሰማይ ሥር መሆኑን፣ ሲሶው ደግሞ ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ቦታ ማየት እንደማይችል አሳይቷል። የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ታሪክም ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያቋቋመው ይህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲከፈት አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ ነበር። ከዚያ ለሚበልጥ ጣቢያ ግን ባለሙያዎቹ ያኔውኑ ወደ ላሊበላ ተራሮች ማማተር ጀምረው ነበር፤ አንዱ ምክንያት ከሥር የተንጣለለው ከተማ ብርሃን ነው።

ግን የተመራማሪ ፍላጎትና የሕዝብ ፍላጎት አንድ አይደለም። ተመራማሪው የሚፈልገው እጅግ ደብዛዛውን ነው፤ አንድ አሥረኛ ብርሃን ቢጨመርበት ሥራው ይበላሻል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌስኮፕ የሚያይ ሰው ግን የሚደነቀው በጨረቃ ጉድጓዶች፣ በሳተርን ቀለበትና ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ባያቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች ነው። እነዚህን የመንገድ መብራት አይሸፍናቸውም፤ ከመርካቶ መሀል እንኳ ይታያሉ። ሰበታና ሱሉልታ የሚጨምሩት ቀጣዩን ደረጃ ነው። ሜርል ዎከር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ከተሞች ዙሪያ ለክቶ እንዳገኘው፣ የአንድ ከተማ የሰማይ ብርሃን በርቀት የሚቀንሰው በጣም ፈጥኖ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ከአምስት እጥፍ በላይ ይወርዳል። ከመሀል ከተማ 15 ኪሎ ሜትር የራቀ ሰው ወደ 45 ቢወጣ የዋናው ከተማ ጫና ወደ አሥራ አምስተኛ ይወርድለታል። ከሰበታ ብዙ ሳይርቅም መናገሻ ሱባ ደን አለ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽድ አስተክለውበታል የሚባለው ይህ ደን በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊና ደቡብ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ስለሆነ፣ ከ3,300 ሜትር የሚበልጠው ተራራ በደኑና በከተማው መካከል ቆሞ ይጋርድለታል። ስሙ ብሔራዊ ፓርክ ባይሆንም የብሔራዊ ፓርክ የኮከብ ምሽት የሚሻውን ያሟላል፤ ለሰበታ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም።

ከዚሁ ቀመር የሚወጣ ሌላ ነገር አለ፤ ለክርክሬም እጅግ ይጠቅመኛል። ብርሃን በርቀት ይህን ያህል የሚደክም ከሆነ ቅርብ ያለው መብራት ከሩቁ ከተማ ይልቅ ይወስናል። በሱሉልታ ሰማይ ላይ የአዲስ አበባን ያህል የሚመዝኑት ሱሉልታ ራሷ የሰቀለቻቸው አምፖሎች፣ የፋብሪካ ግቢዎችና የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተስፋፋው የኮሪደር ልማት የመንገድና የሕንፃ መብራትን አብዝቷል፤ ተመሳሳይ ሥራም ወደ ዙሪያው ከተሞች ደርሷል። ዕድገቱ ይቁም አልልም። የምለው የአምፖሉ አቅጣጫና ቀለም ይታሰብበት ነው። ጭስ በሞላበት ጎጆ ፋኖስ ሲለኮስ ጭሱ ራሱ እንደሚያበራ፣ ወደ ላይ የተለቀቀ ብርሃንም አየሩን ያበራዋል። ሰማያዊ የበዛበት ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ ይብሳል፤ ሰማያዊ ብርሃን በንጹሕ አየር ውስጥ የሚበተነው ከብርቱካናማው ሦስት እጥፍ ያህል ነውና። ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ የተከለለና ሞቅ ያለ ቀለም ያለው አምፖል መንገዱን ሲያበራ ሰማዩን ይተወዋል፤ ወደ ደመና የሚሄደውን ኤሌክትሪክም ያድናል። የአሪዞናዋ ፍላግስታፍ እ.ኤ.አ. በ1958 የመብራት ደንብ ያወጣች፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ የመጀመሪያዋ የጨለማ ሰማይ ከተማ የተባለች ናት፤ እስከ ዛሬም መንገዶቿ እንደበሩ ናቸው።

እዚህ ላይ የደኅንነት ጥያቄ ይመጣል፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባም። ምሽት ላይ ከታክሲ ወርዳ ኮረኮንች መንገድ ለምትሄድ ሴት ጨለማ ውበት አይደለም። በኒውዮርክ የመንግሥት መኖሪያ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ በዕጣ የተመደበ ሙከራ፣ ተጨማሪ መብራት በተተከለባቸው ግቢዎች በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸም ከባድ ወንጀል 36 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። በሌላ በኩል በእንግሊዝና ዌልስ 62 የአካባቢ አስተዳደሮችን ያየና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት መብራት መቀነስም ሆነ በከፊል ማጥፋት ወንጀልን ወይም የመኪና አደጋን ለማብዛቱ ማስረጃ አላገኘም። ሁለቱን ሳነብ የምደርስበት ይህ ነው፤ ሰው የሚሄድበት መንገድ መብራት ያስፈልገዋል፣ ባዶ ሜዳና ሰማይ ግን አያስፈልጋቸውም። ዓይንን የሚወጋ ያልተከለለ አምፖል ከጀርባው የቆመውን ሰው እንዳይታይ ስለሚያደርግ፣ አቅጣጫ ማስተካከል ለምታመሸው ሴትም ይጠቅማታል። የኮከብ ምሽት ደግሞ ከተማ አያጨልምም፤ የሚጠይቀው በአንድ አጥር ውስጥ ያሉ መብራቶች ለሁለት ሰዓት እንዲጠፉ ነው። አጥር ካለ፣ ሰውም ከተሰበሰበ፣ በነዚህ አካባቢዎች ሁሌ የሚነሣው የጅብ ነገርም አያሳስብም። ዓይን ጨለማውን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋልና አስተባባሪው ከሁሉ በላይ ሊጠብቀው የሚገባው የተሳታፊውን የእጅ ስልክ ነው፤ አንድ ደማቅ ስክሪን የዓይንን ልማድ ያፈርሰዋል።

ሌላው ተቃውሞ ከቁም ነገር የሚመዘን ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበትና መሬቱ እያከራከረ ባለበት አካባቢ ኮከብ መቁጠር ቅንጦት ነው ይላል። የምመልሰው ሰማይን ማየት ለዚህ አገር ሰው ከውጭ የመጣ መዝናኛ ሆኖ እንደማያውቅ በማስታወስ ነው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ስለ ገዳ በጻፉት መጽሐፍ እንደተረኩት፣ የቦረና አያንቱዎች ጨረቃ ከተወሰኑ ሰባት ከዋክብትና የከዋክብት ስብስቦች ጋር የምትገናኝበትን እያዩ ወራቱን ይቆጥራሉ። ከነዚህ መካከል ቡሳን የሚሏቸው ሰባቱ ከዋክብት፣ ባሳ የሚሉት ሲሪየስ አሉ። ላሚ ተብሎ የተለየው ስብስብ ግን ደብዛዛ ነው፤ ከሦስቱ ከዋክብቱ ሁለቱ በከተማ መሀል በዓይን አይታዩም ማለት ይቻላል። እንግዲህ መብራት የበዛበት ሰማይ የሚያጠፋው ውበትን ብቻ አይደለም፤ በዓይን ሲጠበቅ የኖረ የዘመን አቆጣጠር መጽሐፉ ይዘጋበታል። በቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ የሄኖክ መጽሐፍ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 የፀሐይና የጨረቃን መንገድ ያስተምራል፤ መጽሐፉ ሙሉውን የተረፈውም በግእዝ ነው። ባሕረ ሐሳብ በ19 ዓመት ዑደት ላይ ይቆማል፤ ያ ዑደት ከጨረቃ እውነተኛ ጉዞ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይለያል። ይህን ልዩነት የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ቡራዩ ላይ ቆሞ፣ ያሰላትን ጨረቃ በሰማይ ከምትታየው ጋር አስተያይቶ ሊያገኘው ይችላል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ የታየው የቀለበት ግርዶሽ የቀሰቀሰው ጉጉትም ሰዉ ሰማዩን ለማየት ምክንያት ብቻ ይፈልግ እንደነበር ያሳያል። በየሠፈሩ መብራት በጠፋ ምሽት ደጅ ወጥቶ ቀና የሚለው ሰውም ይህንኑ ይናገራል።

መቸኮል የሚገባውም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ተራ ሰዎች በዓይናቸው ያደረጓቸውን ከ50,000 በላይ ምልከታዎች ያጠናቀረ ጥናት፣ ሰማዩ በዓመት በአማካይ 9.6 በመቶ እየፈካ መሄዱን አግኝቷል። መረጃው በብዛት ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ነው። በዚህ ፍጥነት ዛሬ 250 ከዋክብት በሚታዩበት ቦታ የተወለደ ሕፃን 18 ዓመት ሲሞላው ከ100 ያነሱ ያያል። እንደ ሱሉልታ በፍጥነት የሚገነባ ከተማ ከዚህ የተሻለ ዕድል ይገጥመዋል ብሎ ለማሰብ ምክንያት የለም። ሳነቴ ሃያ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ ሱሉልታ አይችልም። የራሱን ሰማይ አንድ ምሽት እንኳ ቆጥሮ ያላየ ነዋሪ ደግሞ ስለ አምፖል አቅጣጫ ማዘጋጃ ቤቱን ሊጠይቅ አይነሣም።

የሚቀረው የክረምቱ ነገር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ደመናው አያስኬድም፤ ያንን ጊዜ ለአስተማሪዎች ሥልጠናና ለመሣሪያ ጥገና መተው ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት አምስት ወራት ግን አብዛኛውን ጊዜ የጠሩ ናቸው። በየወሩ ለዝግጅቱ የሚመቸው ምሽት አዲስ ጨረቃ በተወለደች በሦስተኛው ቀን አካባቢ ነው። ያን ዕለት ጨረቃዋ ሲመሽ በምዕራብ ቀጭን ሆና ትቆያለች፤ ተሰላፊው ልጅ ጉድጓዶቿንና የተራሮቿን ጥላ ያያል። ከዚያ እሷ ፀሐይን ተከትላ ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ስትጠልቅ ለደብዛዛዎቹ ቦታ ትለቅቃለች። በጥቅምትና በኅዳር ሱሉልታ ከአንድሮሜዳ ጋር ትቅደም፤ ውርጩ ይከብዳልና ሰዓቱ ይጠር። በታኅሣሥ ቬነስ ወይም ጁፒተር የሚታዩ ከሆነ ተራው የቡራዩ ነው። በጥርና በየካቲት ሰበታ ካኖፐስን ታሳይ፤ ያኔ ኦሪዮን ከራስ በላይ ስለሚሆን የሰባት ዓመት ልጅም ያለ ካርታ ያገኘዋል።